የሎረታ ቦይለርና ለብ ያለው ውሃ

እትዬ አይሊ፣

ሰላምታዬ ከዚህ ከአሪዞና ፀሐይ ተነስቶ እናንተ በረዶ ውስጥ ሲገባ ሳይቀዘቅዝ ይድረስሽ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ያ ቀኝ ጉልበትሽ ዘንድሮስ ማረሽ ወይስ እንደ አምናው በምርኩዝ ነው የምትንቀሳቀሺው? ባልሽ ዌይን እንዴት ነው? የልብ መድኃኒቱን በሥርዓቱ ይውጣል ወይስ ትንሽ ቀለል ባለው ቁጥር አሁንም "ድኛለሁ" እያለ ይተወዋል? ልጅሽ ክሪስታስ ደህና ናት? የትንሿ የኤልሲ ሳል ለቀቃት? ጣሪያው ላይ የሚከመረውን በረዶ የሚያወርድላችሁ ሰው ማግኘታችሁንም ጻፊልኝ። አርባ ዓመት የአውራጃውን መንገድ በረዶ ስጠርግ ኖሬ፣ የእህቴ ጣሪያ ላይ የሚተኛው በረዶ ዛሬም ያሳስበኛል።

እኛ በጤና በኩል ደህና ነን። እኔ ጀርባዬን ያመኛል፤ እሱን አንቺም ጠግበሽዋልና አላወራውም። ሚስቴ ሎረታ ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ከሰው ጋር ትሳሳቃለች። ውሻችን ፔፐርም እዚህ ከገባን ወዲህ እርጅናዋን ረስታ ጥንቸል ታባርራለች፤ የያዘችው ግን የለም።

ባለፈው ረቡዕ ስልክ የሚይዝበት ኮረብታ ላይ ወጥቼ ስደውልልሽ ነፋሱ ግማሹን ወሬ ይዞት እንደሄደ ከአመላለስሽ አውቄዋለሁ። ዋናውን ግን ሰምተሻል። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው የአረጋውያን ቤት ሄደሽ የሎረታን ስም አስመዝግቢልኝ ነው ያልኩሽ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ተገለባብጧል። እንደገና ኮረብታ ወጥቼ ልነግርሽ አሰብኩና፣ የሚያሳፍረኝን ጉዳይ ነፋስ ውስጥ ቆሜ እየጮህኩ መናገር አልሆንልህ አለኝ። ብዕር ያነሳሁት ለዚህ ነው። እስከ መጨረሻው ሳታነቢ ለአረጋውያኑ ቤት አንድም ቃል እንዳትጨምሪ፣ እንዳትቀንሺም።

ባለፈው ኦክቶበር ሐኪሙ ስለ ሎረታ ያለውን ታውቂያለሽ። የማስታወስ ችሎታዋ እየከዳት ነው፤ ቀስ እያለ ይብሳል እንጂ አይመለስም አለን። ያን ቀን ሰዓት ሥዪ ቢላት ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጎን አጨናንቃ ሣለችለት። ወረቀቱን ሲያየው ጊዜ ሎረታ ሳቀችና፣ መሣል አልተማርኩም፣ የተበላሸ ሰዓት ካለህ ግን አምጣና ልጠግንልህ አለችው። ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ግን አልሳቀችም። አንድ ነገር አስማለችኝ። እንደምታውቂው በአባቷ ሱቅ ሠላሳ አንድ ዓመት ልብስ ማጠቢያና ምድጃ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። ይቺን ቤት ያዘለች አሮጌ መኪናችንንም ከእሷ በቀር መፍቻ ያሳረፈባት የለም። "ይቺን መኪና መጠገን ያቃተኝ ቀን ሳትለማመጠኝ፣ ሳታባብለኝ፣ አገር ቤት መልሰህ ከአረጋውያን ቤት አስገባኝ። እኔም አልከራከርህም" አለችኝ። እሺ አልኩ። ይህንን ከሁለታችን በቀር የሚያውቅ አልነበረም፤ አሁን አንቺ ሦስተኛ ሆንሽ።

በሐኪም ምልልስ ምክንያት ዘንድሮ ብርዱን ሸሽተን ከቤት የወጣነው ጃንዋሪ ሲጋመስ ነው። ኦክላሆማ ላይ ነዳጅ ስሞላ ሎረታ ሽንት ቤት ደርሳ ስትመለስ የሌላ ሰው መኪና ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። እንደኛዋ ቤት ያዘለች፣ ቡናማ መስመር ያላት መኪና ናት። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ስፈልጋት ላቤ ተንቆረቆረ። በመጨረሻ ሳገኛት የመኪናው ባለቤት፣ አንድ ደግ ሽማግሌ፣ ብስኩት ሰጥቷት ስለ አየሩ ጠባይ ያወራሉ። ሰውዬው ነገሩ ገብቶት ኖሮ ባሏ እስኪመጣ ብሎ አብሯት ቁጭ ብሏል። እሷ ደግሞ ሽማግሌውን ጎረቤታችን ነው ብላ አስተዋወቀችኝ። ይህን ያኔ ያልጻፍኩልሽ ሆን ብዬ ነው።

ኒው ሜክሲኮ ከአክስቷ ልጅ ግቢ መኪናዋን አቁመን፣ እነሱ ቤት እያደርን ጥቂት ሰነበትንና ባለፈው እሑድ እዚህ በረሃ ገባን። ሰፈሩ እንደ ሁልጊዜው ነው፤ መብራት የለም፣ የውሃ መስመር የለም፣ ከተማ ላይ በርሜል የሞላሽውን ውሃ እየቆጠቡ መጠቀም ነው። ገና እግራችን ከመርገጡ ፔፐር የሞተ ጥንቸል ላይ ተንከባልላ መጣች። እዚያው ውጭ አጠብኳትና ገባን።

ሰኞ ጠዋት ሎረታ ሳህን ልታጥብ ቦይለሩን አበራችው። ቦይለራችን በጋዝ ነው የሚሠራው፤ በመኪናዋ ጎን አንዲት የቆርቆሮ መዝጊያ አለች፣ ከእሷ ኋላ ነው ያለው። ጥቂት ጠቅ ጠቅ ካለ በኋላ ማብሪያው ላይ ያለችው ቀይ መብራት በራች። እሳቱ አልያዘም ማለት ነው። ሎረታ ምንም አልተደናገጠችም። መጀመሪያ ምድጃውን ለኮሰችው፤ ምድጃው ሲይዝ ጋዝ እንዳለን አወቀች። ቀጥላ ውጭ ወጥታ የቆርቆሮዋን መዝጊያ ከፈተችና ጆሮዋን አስጠግታ፣ እኔን ውስጥ አስቀምጣ አብራ፣ አጥፋ፣ አብራ ትለኝ ጀመር። ብልጭታው አለ። ጋዙም ሲለቀቅ ይሰማል። እሳት የለም።

ካቻቢቴዋን ይዛ ሁለት ብሎን ፈታችና ጋዙ የሚያልፍበትን ቀጭን ቱቦ አወጣች። ውስጡን በሽቦ ብሩሽ አንዴ ስታሽከረክረው አንድ ጭብጥ የሸረሪት ድር ወጣ። የጋዝ ሽታ የሚማርካቸው ሸረሪቶች አሉ፤ ቦይለሩ ሳይነድ ከከረመ ቱቦው ውስጥ ይከትማሉ። ሎረታ ድሩን በጣቷ ይዛ አሳየችኝና "ይኸውልህ፣ ሳይፈቀድለት የገባ ተከራይ" አለች። መልሳ ገጠመችው፣ አበራሁ፣ ሰማያዊ እሳት ቦግ አለ። ዐሥር ደቂቃ አልፈጀባትም። በኦክላሆማዋ ሴትና በዚህችኛዋ መካከል ምን አገናኝ አለ ብዬ ቆሜ አየኋት።

ደስታችን ግማሽ ሰዓት ቆየ። ውሃው ይሞቅ ዘንድ ጠብቀን ቧንቧውን ብንከፍት የመጣው ለብ ያለ ውሃ ነው። ቀዝቃዛ አይደለም፣ ሙቅም አይደለም፤ የታመመ ሰው የሚጠጣው ዓይነት። ሎረታ አልጋችንን ከፍ አድርጋ ከቦይለሩ የሚወጣውን ቱቦ ስትነካው እጇን ቶሎ መለሰች፤ ይፋጃል። እንግዲህ ቦይለሩ ሥራውን ሠርቷል፤ ውሃው መንገድ ላይ ነው የሚበርደው። ሎረታም "አንድ ቦታ ቀዝቃዛ ውሃ እየገባበት ነው" አለችና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ሐኪሙ ሁሉን ነገር ጻፊ ስላላት በአንገቷ የምታንጠለጥለው ትንሽ ደብተር አላት።

እንዲህ ሲሆን ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው አንድ ቫልቭ ነው። እናንተ ጋ መኪናዋን ለክረምት ስናሳድራት ቧንቧዎቹ ረግተው እንዳይፈነዱ ሮዝ ፈሳሽ እንሞላባቸዋለን። ፈሳሹ ቦይለሩ ውስጥ እንዳይገባ ደግሞ አልጋው ሥር ያለውን ማለፊያ ቫልቭ አዙረን ቦይለሩን እንዲዘለው እናደርጋለን። እዚህ ስንመጣ መልሶ ማዞር ነው። የረሳ ሰው ቀዝቃዛው ውሃ ቦይለሩን እየዘለለ ወደ ሙቁ ይገባበታል። ሎረታ ቫልቩን አየችው፤ በትክክል ተመልሷል። ልክ ነው ብላ ጻፈች።

ማክሰኞ ጠዋት ፍራሹን ስታነሳ አየሁና ምን ሆነሽ ነው አልኳት። ቫልቩን ልየው አለች። ትናንት አይተሽዋል እኮ ስላት ደብተሯን ገልጣ አነበበችና እሺ አለች። ምሳ ከበላን በኋላ እንደገና ፍራሹን አነሳች። ዘጠኝ ሰዓት ላይም እንደገና። ጠዋት ያየችውን ምሳ ላይ አታስታውስም፤ ደብተሩ ላይ በገዛ እጇ የጻፈችውን ስታነብ ደግሞ የሌላ ሰው ጽሕፈት እንደሆነ ሁሉ ትጠራጠረዋለች። አራት ጊዜ አንድ ቫልቭ አየች። በአራተኛው ጉልበቷ ላይ እንደተንበረከከች ቀና ብላ "ሬይኖ፣ ይሄን አይቼዋለሁ አይደል?" አለችኝ። አንጀቴን በላችው። አዎ አልኳት።

ረቡዕ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ሆነ። እዚህ የቦይለር መዝጊያ ሲከፈት የሰማ ጡረተኛ ሁሉ ተጣጣፊ ወንበሩን አንጠልጥሎ ይመጣል። እጁን ኪሱ ከትቶ ይመለከታል፣ አስተያየት ይሰጣል፣ ቢራው ሲያልቅ ይሄዳል። ከሁሉ ቀድሞ የደረሰው ጎረቤታችን ዶይል ነው፤ ቴክሳስ የነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ በያጅ የነበረ ሰው ነው፣ የማያውቀው ነገር የለም፤ ባያውቅም አያመነታም። ሙቀት መቆጣጠሪያዋ ናት የሞተችው ብሎ ከራሱ ዕቃ ውስጥ ሌላ አምጥቶ ቀየረ። ለብ ያለ ውሃ መጣ። እንግዲያው ሆዱ በኖራ ተሞልቷል ብሎ ቦይለሩን አስደፋን፤ ሁለት ቀን የሚያቆየን ውሃ አሸዋ ላይ ፈሰሰ። ሞልተን ስናበራው አሁንም ለብ ያለ ውሃ። በመጨረሻ ዶይል ቀበቶውን ከፍ አድርጎ፣ ይሄ ነገር አርጅቷልና በአዲስ መለወጥ ነው ያለበት ብሎ ፈረደ። ሎረታም ቀና አለችና "ያረጀ ሁሉ ይለወጥ ከተባለ ሚስትህ ጆሊን ምን ትጠብቃለች?" ብትለው ወንበር የያዘው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ዶይል ራሱም ሳቀ።

ሰው ሲበተን ግን የመሣሪያ ቦርሳዋን ይዛ ወደ ዶይል ሄደች። ያ የአባቷ የቆዳ ቦርሳ መሆኑን ታውቂዋለሽ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችለትና ይሁንህ፣ እኔን ከእንግዲህ አይጠቅመኝም አለችው። ተመልሳ መጥታ ከጎኔ ተቀመጠች። "ያልኩህ ቀን ዛሬ ነው" አለችኝ። አላለቀሰችም። ቃሌን ጠብቄያለሁ፣ አንተም ጠብቅ ብቻ ነው ያለችው።

እትዬ፣ ኮረብታውን ስወጣ ያለቀስኩ መስሎሽ ይሆናል። አላለቀስኩም። ቀለለኝ። ከኦክላሆማ ጀምሮ ሽንት ቤት በሄደች ቁጥር በር ላይ ቆሜ ነው የምጠብቃት። ደክሞኛል። ተከራክሬ ሳይሆን በገዛ አፏ መጨረሷ ትልቅ ዕዳ አወረደልኝ። አንቺም በስልክ ለአንድ ሰው የሚሆን ክፍል ኤፕሪል ላይ ይለቀቃል፣ ለባልና ሚስት ግን ሦስት ዓመት ያስጠብቃሉ ብለሽ አንተስ የት ልትሆን ነው ብትዪኝ፣ እኔን ከቤቴ ምን ያስወጣኛል ብዬ መለስኩልሽ። ያን ጊዜ አፌ እንዴት እንደቀለለው አሁን ሳስበው ያመኛል።

ሐሙስ ጠዋት ፔፐር እግሯ በእሾህ ተወግቶ መጣች። እሾሁን ነቅዬ ቁስሉን ላጥብላት ብዬ ከመኪናዋ ኋላ ያለውን የውጭ ሻወር ከፈትኩ። እሱ እንግዲህ አንዲት ጠባብ ሳጥን ውስጥ ያለ በእጅ የሚያዝ ሻወር ነው፤ ከበላዩ ሁለት ቧንቧ አለው፣ አንዱ የሙቅ፣ አንዱ የቀዝቃዛ። ሻወሩ እጀታ ላይ ደግሞ ውሃውን የሚያቆም ቁልፍ አለ። ሰነፍ ሰው ያንን ቁልፍ ተጭኖ ውሃው ሲቆም ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። ቧንቧዎቹ ግን ከነበሩበት አልተነሱም። ሁለቱም ክፍት ከሆኑ ቀዝቃዛው እዚያ ጋ ከሙቁ ይገናኝና ወደ ሙቁ መስመር ይሻገራል፤ ያኔ ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ለብ ያለ ውሃ ይሰጣል።

ሁለቱም እስከ መጨረሻው ክፍት ነበሩ። እሑድ ፔፐርን ያጠብኳት እኔ ነኝ። የከፈትኳቸው እኔ ነኝ፣ ሳልዘጋቸው የሄድኩትም እኔ ነኝ።

ዘጋኋቸውና ገብቼ የወጥ ቤቱን ቧንቧ ከፈትኩ። ውሃው እጄን ፈጀኝ። ሎረታ እነ ዶይል ጋ ሄዳ ከጆሊን ጋር ካርታ ትጫወታለች። እዚያ ማጠቢያው ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ አላውቅም። ቀጥሎ ያደረግኩትን ለካህኑም አልነገርኩም፤ ላንቺ ግን እነግርሻለሁ። ተመልሼ ወጣሁና ሁለቱንም ቧንቧ መልሼ ከፈትኳቸው።

ክፋት አልነበረም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ባለኝ። ያሰብኩት ይህን ነው። ነገሩ አልቋል፤ ተስማምታለች፤ ክፍሉም ተገኝቷል። ዛሬ ይህን ብነግራት ሁሉ ነገር ከሥር ይጀመራል፤ ዳግመኛም እንዲህ በሰላም እሺ አትለኝም። ደግሞስ አራት ጊዜ ፍራሽ ያነሳችው እሷ አይደለችም ወይ? ቦይለሩ ተሠራ አልተሠራ በሽታዋ ያው በሽታ ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን ፀሐይ አናት ላይ ወጣች።

ምሳ ልሠራ ስገባ ደብተሯ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ረቡዕ ቦርሳውን ለዶይል ስትሰጥ ከአንገቷ አውልቃ ትታዋለች። ገለጥኩት። ሰኞ በሚለው ገጽ ላይ ያየቻቸውን ሁሉ በተራ ጽፋለች። ጋዝ፣ አለ። ድር፣ ወጥቷል። ቫልቭ፣ ልክ ነው። ከዚያ በታች እንዲህ ይላል፦ "ውጭ ያለው ሻወር፣ ሬይኖን ጠየቅኩት፣ አይቼዋለሁ ዝግ ነው ብሎኛል።" ከሥሩ መስመር ተሰምሮበታል።

እትዬ፣ እኔ እንደጠየቀችኝ አላስታውስም። እስከ ዛሬም አላስታውስም። ምናልባት ጋዜጣ ላይ አቀርቅሬ ነበር፣ ምናልባት መነሳት ሰንፌ ይሆናል፤ ብቻ ዓይኔን በጨው አጥቤ ያላየሁትን አይቼዋለሁ ብያታለሁ። ገጾቹን ሳገላብጥ ማክሰኞም ረቡዕም ያንኑ ጽፋለች። የቫልቩ ነገር በየገጹ ተሰርዞ፣ ተደልዞ፣ የጥያቄ ምልክት ተደርጎበታል። ውጭ ያለው ሻወር ግን በሦስቱም ቀን ያው ነው፤ ሬይኖ አይቶታል፣ ሬይኖ አይቶታል። የራሷን ሥራ አራት ጊዜ ፈተሸች። የኔን አንድም ጊዜ አልፈተሸችም። ያን ጊዜ ነው እውነተኛው ለቅሶ የመጣብኝ።

ስትመለስ መኪናዋ ጥላ ሥር ተቀምጣ ፔፐርን ታበጥር ጀመር። ጉዳዩን ነገርኳት። ውጭ ያለው ሻወር ክፍት ነበር፣ የከፈትኩት እኔ ነኝ፣ ስትጠይቂኝም ሳላይ ነው አይቼዋለሁ ያልኩሽ አልኳት። ማበጠሪያውን ሳታስቀምጥ ሰማችኝ።

"መቼ ነው ያገኘኸው?" አለችኝ።

"ዛሬ ጠዋት።"

"አሁን ስምንት ሰዓት አልፏል። እስካሁን ምን ስትሠራ ነበር?"

ጭንቅላቷ ደከመ የተባለችው ሴት ናት ይህን የጠየቀችኝ። መልሼ መክፈቴን ነገርኳት። ለአንቺ መደወሌንም አስከትዬ ተናገርኩ። ትጮኽብኛለች ብዬ ስጠብቅ ተነሳችና የውጭውን ሻወር ዘጋች፤ ገብታም ሻወር ወሰደች። ቦይለሩ የሚይዘውን ሙቅ ውሃ አንዲት ጠብታ ሳታስቀር ጨረሰችው። ከዚያ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ዶይል ጋ ሄደችና ቦርሳዋን ይዛ ተመለሰች። ምን ብላ እንደተቀበለችው አላውቅም፤ ዶይል ግን ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር ባርኔጣውን አንስቶ፣ የውጩን ዘግተሃል ወይ ይለኛል። የሰፈሩ ሁሉ ሰላምታ ይኸው ሆኗል። ይገባኛል፣ ዝም ብዬ እሸከማለሁ።

ማታ ራት ስንበላ አንቺ ምን እንዳልሽኝ ጠየቀችኝ። ለአንድ ሰው ኤፕሪል ላይ ክፍል አለ፣ ለባልና ሚስት ሦስት ዓመት ነው ብላኛለች አልኳት። ነገ ደውዬ ስምሽን አሰርዘዋለሁም አልኩ። የለም አለች።

"አታሰርዘው። የሁለታችንንም ስም አስመዝግብ። እኔ ያየሁትን እረሳለሁ፣ አንተ ያላየኸውን አይቻለሁ ትላለህ። ለብቻዬ የምገባበት ምክንያት አይታየኝም።"

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁት። ቀልድ አልነበረም። ሦስት ዓመት ብዙ ነው፣ ያኔ ምን ላይ እንደምትሆኚ አናውቅም ብላት፣ እሱን የማላውቅ አታስመስለኝ፣ ኦክላሆማ ላይ የገባሁበት መኪና የኛ እንዳልነበረ አሁን አውቀዋለሁ አለችኝ። ያን ቀን ከሽማግሌው ከተሰናበትን በኋላ መንገድ ላይ ገብቷት ኖሯል፤ እኔ እንዳልሰጋ ብላ በሆዷ ይዛው ቆይታለች። ለካስ አንዳችን ለአንዳችን ስንደብቅ ነው ግማሽ አሜሪካን ያቋረጥነው።

ስለዚህ እትዬ፣ የምለምንሽ ይህ ነው። የአረጋውያኑ ቤት ሄደሽ የሎረታን ስም ከአንድ ሰው መዝገብ አንሺው፤ ከባልና ሚስቶቹ ጋር አስገቢው፤ ከእሷ ስም ቀጥሎ የኔን ጻፊ። የኤፕሪሉን ክፍል ለሚያስፈልገው ሰው ይስጡት። ምን ነካቸው ብለሽ ዌይን ላይ እንዳትነጫነጪ፤ ነገሩ ከበረታ እደውልልሻለሁ፣ አልደብቅሽም። እኛም እስከ ኤፕሪል እዚሁ ነን። አዲስ ሥርዓት አውጥተናል፤ እሷ ያየችውን እኔ አያለሁ፣ እኔ አየሁ ያልኩትን እሷ ሄዳ ታየዋለች። ሥራ ሁሉ እጥፍ ጊዜ ይፈጃል፤ ግን ጡረተኞች ነን፣ ማን ይቸኩላል?

ሦስት ዓመት ጠብቀን ተራው ሲደርሰን ሎረታ ስሜን ረስታው ሊሆን ይችላል። ሐኪሙ እንዲህ ያለው ቀን ይመጣል ብሎኛል፤ እሱን ከአሁኑ ውጬዋለሁ። መዝገቡን ሲያሳዩአት ግን ከስሟ አጠገብ የማን ስም እንዳለ ታነባለች። እሷ ደግሞ የተጻፈ ነገር ካላመነች ትጠይቃለች፤ ያኔ እኔ እዚያው አጠገቧ ነኝ፣ አይቼ እመልስላታለሁ።

ለዌይን ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ መድኃኒቱን ካልዋጠ ሎረታን እልክበታለሁ ብሏል በዪው። ለክሪስታ፣ የላከችው የሱፍ ካልሲ እዚህ ጠዋት ጠዋት ሕይወታችንን እያተረፈ መሆኑን ንገሪልኝ። ኤልሲን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፣ ፔፐር እግሯ ድኗል በያት። ሎረታ ሁላችሁንም በስም በስም እየጠራች ሰላም ብላለች፤ ማንንም አልዘነጋችም፤ እኔም ከደብተሯ ላይ አመሳክሬዋለሁ።

ወንድምሽ ሬይኖ
ከዩማ በላይ ካለው በረሃ፣ አሪዞና
ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 18 ቀን 2023